ወይ ትድናለች፣ ወይ ትሞታለች

እናቴ ፊልም ስታይ አንድ ልማድ አላት። አልጋ ላይ የተኛ ሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው ወይም ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ብቅ ሲሉ ገና ታሪኩ ሳይጀመር ፍርዷን ትሰጣለች። «ይቺ ወይ ትድናለች፣ ወይ ትሞታለች» ትላለች። ተሳስታም አታውቅም ማለት ይቻላል። ለረጅም ጊዜ ነገሩን ብዙ ፊልም ያየ ሰው ግምት አድርጌ ስሰማው ኖርኩ። ስለ ራሷ እየተናገረች እንደነበረ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ይህን የምጽፈው ስትሮክ የመታው፣ ዕድሜ የተጫነው ወይም አካሉ የተጎዳ ሰው በቤታቸው ይዘው ማታ ማታ አንድ ቴሌቪዥን ፊት አብረው ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። ስለ መድኃኒቱና ስለ ምግቡ የሚመክር ሰው አይጠፋም። አብራችሁ ስለምታዩት ነገር ግን የሚነግራችሁ የለም። ለእኔም የነገረኝ አልነበረም።

እናቴን ስትሮክ የመታት በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። ሰባ ዓመቷ ነበር። ጠዋት ቡና ልታፈላ ተነሥታ ጀበናው ከግራ እጇ አመለጣት፤ ስባሪውን ልትለቅም ጎንበስ እንዳለች በዚያው ወደቀች። ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሉ። አንደበቷ ለጥቂት ቀናት ተሳስሮ ቆይቶ ቀስ በቀስ ተፈታ።

ጠያቂው ብዙ ነበር፤ ይመስገን። ግን የመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር። «ምን ሰምታ ነው?» ይለኛል። «ምን አስደንግጧት ነው?» ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በድራማዎቻችን ውስጥ እናት ስትሮክ የሚመታት ክፉ ወሬ ስትሰማ ነው። ልጇ ታሰረ ይባላል፣ ወይም ባሏ ሌላ ትዳር እንዳለው ይደረስበታል፤ እናት ደረቷን ይዛ ሶፋው ላይ ትወድቃለች፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል። በሚቀጥለው ክፍል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አፏ ተዘግቶ፣ ዐይኗ ብቻ ሲንከራተት እናያታለን። ይህን ደጋግሞ ያየ ሰው እናቴን ሊጠይቅ ሲመጣ የሚፈልገው ያንን ክፉ ወሬ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከዋዜማው ማታ ከእናቴ ጋር ተጨቃጭቆ ነበር። ሥራ ለመልቀቅ መወሰኑን ነግሯት ነው። ድምፅ ከፍ ያለበት፣ ነገር ግን በየቤቱ የሚያጋጥም ጭቅጭቅ ነው። «ምን ሰምታ ነው?» በተባለ ቁጥር ወንድሜ መሬት መሬት ያያል፤ ሰበብ ፈልጎ ከክፍሉ ይወጣል። ከቤተሰቡ አንድም ሰው አልወቀሰውም፤ ድራማው ግን ፈርዶበት ነበር።

ሐኪሙ የነገረን ሌላ ነው። የእናቴ ደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ነው። ክኒኑን ደግሞ «ደህና ሆኛለሁ» ብላ ከወራት በፊት አቁማዋለች። ግፊት ሳያሳምም የሚጎዳ በሽታ ስለሆነ ሰው የዳነ ይመስለውና መድኃኒቱን ይተዋል። ክኒን የማቆም ነገር ግን ሙዚቃ የሚያስነሣ ትዕይንት የለውም፤ አንዲት እናት የክኒን ብልቃጧን መሳቢያ ውስጥ ከታ ስትረሳው የሚያሳይ ድራማ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቤታችሁ ውስጥ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ እየወሰደ ነው?

ከሐኪም ቤት ከወጣን በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ በፊልም ውስጥ ጨርሶ የለም። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረ ገላው ይቆስላል። ሲያነሡት በደከመው እጁ መጎተት አይገባም፤ ትከሻው ከቦታው ይለቃል። ልብስ ሲለብስ ከደካማው እጅ ይጀመራል፤ ሲያወልቅ ከጤነኛው። ከአልጋ ወደ ወንበር ሲዛወር ወንበሩ በጤነኛው ጎን ይጠጋል። ውኃ ሲጠጣ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ በትንሽ በትንሹ ይጎነጫል፤ አለበለዚያ ትን ይለዋል። እነዚህን አንድ በአንድ የተማርኩት ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያውና ከስህተቴ ነው። በፊልም ሴትዮዋ አልጋ ላይ ናት፤ ምስሉ ይቆረጣል፤ ወንበር ላይ ናት። የእኔ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያለው በዚያ በተቆረጠው ውስጥ ነበር። ለዚህም ነው መጀመሪያ አካባቢ እናቴን ሳነሣ እጄ ሲንቀጠቀጥ «ሌላው ሰው በቀላሉ የሚያደርገው ለምን እኔን አቃተኝ?» እያልኩ ራሴን የምወቅሰው። ሌላ ሰው ሲያደርገው አይቼ አላውቅም ነበር።

ስለ ቴሌቪዥኑ ራሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ላያስተውለው ይችላል። የቀኝ አእምሮ ክፍል ሲጎዳ አንዳንድ ሰው በግራው በኩል ያለውን ነገር ልብ ማለት ያቅተዋል። ዐይኑ ጤነኛ ነው፤ ልቡናው ግን ወደዚያ አይሄድም። ቴሌቪዥናችን ከእናቴ አልጋ በስተግራ ነበር። ተከፍቶ እያለ «ለምን አትከፍቱልኝም?» ትለን ነበር፤ እኛም አእምሮዋ የተነካ መስሎን ደነገጥን። ባለሙያው ነው የነገረን። ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊቷ አዞርነው። እኛ ግን ስናጫውታት ሆን ብለን በግራዋ እንድንቀመጥ መከረን፤ ወደዚያ መዞርን እንድትለማመድ።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው መምጣቱን አቆመ። ጠያቂም ቀረ። የቀረን ፊልም ነበር።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ማግስት ከእኛ ጋር ያለችው የእህቴ ልጅ ቆንጆ የፍቅር ፊልም ነው ብላ አንድ ፊልም ከፈተች፤ «ሚ ቢፎር ዩ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። በአደጋ ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነ ሀብታም ወጣት አለ። የምትንከባከበው ልጅ ትወደዋለች፣ እሱም ይወዳታል። በመጨረሻ ግን እንዲህ ሆኜ አልኖርም ብሎ ስዊዘርላንድ ሄዶ በሐኪም እርዳታ ሕይወቱን ያጠፋል፤ ለልጅቷ ገንዘብ ይተውላታል፤ እሷም በፓሪስ ጎዳና ስትሄድ ፊልሙ ያልቃል። የእህቴ ልጅ ታለቅሳለች። እኔም ሳልፈልግ ዕንባዬ መጣ። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ፊልሙን ግን ከእኛ ይልቅ የገባት እሷ ነበረች።

«ገንዘብ አለው» አለች። «ወጣት ነው። የምትወደው ልጅ አለችው። እሱ ይህን ሁሉ ይዞ መኖር ካቃተው፣ እኔስ?»

መልስ አልነበረኝም። ስትሮክ ከመታት ስድስተኛ ወሯን መያዟ ነበር። «ስድስት ወር ካለፈ በኋላ መሻሻሉ እየዘገየ ይሄዳል» ሲባል ሰምታለች። ጸበሉንም ተጠምቃለች፤ እኔው ነኝ የወሰድኳት፤ እዚያም ያገኘናቸው አባት ክኒኗን እንዳትተው አጥብቀው መክረዋት ነበር። እጇ ግን አልተዘረጋም። ሁለት በር ብቻ ያለው ቤት ውስጥ እንደገባ ሰው ሆነች፤ መዳኛው በር እየተዘጋ ሲመጣ የቀረው ሌላኛው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለአሥራ አምስት ቀን ያህል እጇን አንቀሳቅሺ ስላት «ተይኝ ልጄ» ማለት አመጣች። በኋላ ሳነብ እንዳወቅኩት ፊልሙ በለንደን ሲመረቅ አካል ጉዳተኞች ከሲኒማው ደጃፍ ወጥተው ተቃውመውታል። የሚሉትም የእናቴን ያህል ግልጽ ነበር፤ የእኛን ሕይወት ሞት የሚሻለው አድርጋችሁ አትሳሉት ነው።

በአገራችን ፊልም ነገሩ ብዙ ጊዜ ወደ መዳኑ ያደላል። ታማሚዋ ከልጆቿ ጋር ትታረቃለች፣ ወይም ስለት ይሰምርላታል፣ ከወንበሯም ትነሣለች። ስለት አይሰምርም ማለቴ አይደለም፤ እኔም ተስያለሁ። ግን ያልተነሣችው የት አለች? ዐይነ ስውርም በድራማችን አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚለምን ነው፤ ወሎ ተወልዳ በልጅነቷ ዐይኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በወሰደችበት አገር። አሮጊቶቻችን ደግሞ ወይ ይመርቃሉ ወይ ይረግማሉ፤ ፀጉራቸው በዱቄት የነጣ ወጣት ተዋናዮች ናቸው፤ ለራሳቸው የሚፈልጉት አንድም ነገር የላቸውም። እናቴ አንዷን አይታ «እኔ እንዲህ ተንቀጥቅጬ አላውቅም» ብላለች።

ከዚያ በኋላ ፊልም መምረጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራውን ነው። «አትሌቱ» ይባላል፤ ራሰላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ነው፤ አበበን ሆኖ የሚጫወተውም ራሰላስ ራሱ ነው። አበበ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሲያሸንፍ እናቴ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ የ1957ቱን የቶኪዮ ድልም ታስታውሳለች። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ እንዳቃተው ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አታውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። እንግሊዝ አገር ሲታከም ቆይቶ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወርውሯል፣ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫውቷል። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸንፏል። ያረፈው በ1966 ዓ.ም. ነው።

«እኛ እኮ የምናውቀው ሮጠ፣ ወደቀ፣ ሞተ ነው» አለች እናቴ። ቀስት የሚስብበትን ቦታ ሁለት ጊዜ መልሼ አሳየኋት። በነጋታው ባለሙያው ትቶልን የሄደውን የጎማ ኳስ አምጪልኝ አለችኝ። ፊልም አዳናት እያልኩ አይደለም፤ ግራ እጇ ዛሬም ስኒ አይዝም። ኳሱን ግን ጠየቀች።

ለእናንተ ለአስታማሚዎቹ ደግሞ የምለው አንድ ፊልም አለ፤ ከታማሚው ጋር ግን አትዩት። የኦስትሪያዊው ሚካኤል ሃነከ «አሙር» ነው፤ ፍቅር ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የካን ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት አግኝቷል። ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህራን ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው። ሚስትየዋን ስትሮክ መትቷት አንድ ጎኗ ከድቷታል። ተዋናይቱ ኢማኑኤል ሪቫ በ85 ዓመቷ ለኦስካር የታጨችበት ነው። ሽማግሌው ሚስቱን አቅፎ ከተሽከርካሪው ወንበር ወደ ሶፋው ሲያዛውራት ምስሉ አይቆረጥም። እግራቸው እየተጠላለፈ፣ እየተነፈሱ፣ ቀስ እያሉ ሲዞሩ እናያለን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ሥራ በፊልም አየሁ። እናቴ ተኝታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነበር የማየው፤ ብቻዬን አለቀስኩ።

በዚያ ፊልም ውስጥ ሚስትየዋ ውኃ አልጠጣም ብላ ስትተፋው ባልየው በጥፊ ይመታታል። ወዲያው ራሱ ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃታል። እኔ እናቴን መትቼ አላውቅም። ግን አንድ ቀን፣ ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ባደርኩበት ጠዋት፣ ክኒኗን ስትተፋው እጄ ተነሥቶ ነበር። አየር ላይ ቀረ። እሷም አይታዋለች። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነው ለወንድሜ የነገርኩት። እሱም በሳምንት ሁለት ሌሊት እሱ ሊያድር፣ እኔ በሌላ ክፍል ልተኛ ተስማማን። እጃችሁ የተነሣ ቀን ክፉ ሰው ሆናችሁ አይደለም፤ እንቅልፍ አጥታችሁ ነው። ግን ተናገሩት፤ ተረኛም ፈልጉ፤ ቀጥሎ ያለው ቀን ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም። የፊልሙን መጨረሻ ግን አልቀበለውም። ባልየው ሚስቱን በትራስ አፍኖ ይገድላታል። ያን ያህል እውነት ያሳየ ሰው መጨረሻ ላይ እዚያው የእናቴ ሁለት በሮች ጋ መመለሱ አሳዝኖኛል።

አባታቸው ወይም እናታቸው መርሳት የጀመሩባቸው ሰዎች «ዘ ፋዘር» የተባለውን ይዩ። አንቶኒ ሆፕኪንስ በ83 ዓመቱ ኦስካር የወሰደበት ነው። የሽማግሌው ቤት ዕቃዎች ቦታቸውን ይቀይራሉ፤ ልጁ በሌላ ሴት መልክ ትመጣለች፤ ተመልካቹም ከእሱ እኩል ይደናገራል። አንድ ዘመዳችን ይህን አይታ አባቷን «ነግሬህ የለም እንዴ!» ማለት አቁማለች።

ከእናቴ ጋር ካየናቸው ሁሉ ግን በጣም የምወደው «ዘ ስትሬት ስቶሪ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቪድ ሊንች የሠራው ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ አልቪን ስትሬት የተባለ የ73 ዓመት አሜሪካዊ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ1994 ለዓመታት የተኳረፈው ወንድሙን ስትሮክ እንደመታው ይሰማል። ዐይኑ ስለደከመ መንጃ ፈቃድ የለውም። እናም በሣር ማጨጃ መኪና ላይ ተቀምጦ፣ ተጎታች አስሮ፣ ከአይዋ ወደ ዊስኮንሲን ጉዞ ይጀምራል። ርቀቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከአዲስ አበባ ደሴ እንደ ማለት ነው። ሳምንታት ፈጅቶበታል። አልቪንን የተጫወተው ሪቻርድ ፋርንስወርዝ ራሱ ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበ፣ በካንሰር የታመመ፣ እግሩ በእርግጥ የከዳው ሰው ነበር። ሲነሣና ሲቀመጥ የምታዩት ሕመም የተዋናዩ የራሱ ነው፤ ዱቄት የለም።

በሦስት ማታ ከፍለን ነው ያየነው፤ እናቴ ከአርባ ደቂቃ በላይ ትደክማለች። እያቆምኩ እተረጉምላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ሽማግሌው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ መነሣት ሲያቅተው እናቴ ዝም ብላ አየች። ሐኪሙ በሁለት እጅ የሚያዝ መደገፊያ ሲያዝለት አሻፈረኝ ብሎ በአንዱ ከዘራ ላይ ሌላ ከዘራ ሲጨምር ግን ሳቀች። «እኔም እንደሱ ነኝ» አለች፤ እውነቷን ነው፣ የእኛም መደገፊያ ለወራት በር ኋላ ቆሟል።

መጨረሻ ላይ ይደርሳል። የወንድምየው ጎጆ በር ይከፈትና ያ ስትሮክ የመታው ወንድም መደገፊያውን ይዞ ይወጣል። በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ብዙም አይነጋገሩም። ፊልሙ አለቀ።

«መልሺው» አለችኝ። መለስኩት። «ይሄ ነው ስትሮክ የመታው?» «አዎ» አልኳት። ሰውየው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ አፍጥጣ ስታየው ቆየችና «አልዳነም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አልሞተምም» አለች። በነጋታው ጠዋት ደሴ ላለው ወንድሟ አስደወለችኝ፤ የመደገፊያውንም ነገር ራሷ አነሣችው፤ ከበሩ ኋላ አውጥተን ቁመቱን አስተካከልንላት።

ዛሬም ፊልም ከመክፈቴ በፊት መጨረሻውን ብቻዬን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ይወስድብኛል፤ ግን እናንተም እንዲህ ካያችሁት በኋላ አብራችሁ ተቀምጣችሁ የምትነጋገሩበት ይሁን ወይስ የምትዘጉት፣ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ካመለጣችሁም ቶሎ አትዝጉት፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የዚያን ፋሲካ «እኔስ?» ስትለኝ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ድራማ የምትጽፉ ካላችሁም እባካችሁ አንዲት እናት ስትሮክ ይምታትና ሳትነሣም ሳትሞትም ዐሥር ክፍል ትቆይ። ትቆጣ፤ ልጆቿን ታዝዝ፤ ድግስ ላይ ትጠራ።

ባለፈው ክረምት ሦስታችን ተቀምጠን ድራማ እያየን ነበር። አንዲት እናት የልጇን መታሰር ሰማችና ደረቷን ይዛ ወደቀች። ሙዚቃው ተነሣ። እናቴ እንደ ልማዷ ትፈርዳለች ብዬ ስጠብቅ «ግፊቷን ማን ለካላት?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። ወንድሜ የተቀመጠው በግራዋ ነበር፤ ወደ ግራ መዞር ለእሷ ዛሬም ሥራ ነው።

«አንተ አይደለህም» አለችው። «ክኒኑን የተውኩት እኔ ነኝ። ከሐምሌ ጀምሮ ትቼው ነበር።»

ወንድሜ ምንም አልመለሰም። ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ፤ ቆየ። ሲመለስ የማታ ክኒኗንና ውኃዋን ይዞ ነበር። ትራሷን አስተካክሎ ቀና አደረጋትና በትንሽ በትንሹ አጠጣት።